ሬዲዮን በቁጥር ስለ ማዳመጥ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የስብሰባው አዘጋጆች ስለ ሙያችን አንድ ነገር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ታላላቅ ግድቦችና ስለ ረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመሮች ለመናገር ከእኔ የበለጡ ሰዎች በመካከላችን እንዳሉ ስለማውቅ፣ ትንሽ ነገር መርጬ ለመምጣት ወሰንሁ። የመረጥሁት ነገር በእርግጥም ትንሽ ነው፤ በእጅ መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ የሚሠሩበትም በትርፍ ሰዓት ነው። ይኸውም በሶፍትዌር የሚሠራ ሬዲዮ ነው። ይሁን እንጂ የነገሩ ትንሽነት እንዳያሳስታችሁ እለምናለሁ። ለጨዋታ ብዬ የጀመርሁት ሥራ፣ በዩኒቨርሲቲ ተምሬው ሳላየው የቀረሁትን ነገር አሳይቶኛልና።

ነገሩን ከመነሻው ለመጀመር፣ በራሴ ላይ የደረሰውን አንድ ሐፍረት ልንገራችሁ። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት በአንድ አነስተኛ ከተማ የመጠጥ ውሃ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። የውሃው ጉድጓድ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ማጠራቀሚያው ደግሞ በኮረብታ ላይ ነበረ። ማጠራቀሚያው ሞላ ወይም ጎደለ የሚለው መልእክት ከኮረብታው ወደ ፓምፑ የሚደርሰው በ150 ሜጋኸርትዝ አካባቢ በሚሠራ አነስተኛ ሬዲዮ ነበር። ይህ መልእክት ማታ ማታ መቋረጥ ጀመረ። መልእክቱ ሲቋረጥ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ማጠራቀሚያው ሳይሞላ ያድራል፤ ጠዋት እናቶች ጀሪካናቸውን ይዘው በቦኖው ፊት ይሰለፋሉ። እኔም ሬዲዮውን ለወጥሁ፤ ገመዱን ለወጥሁ፤ አንቴናውን አወረድሁና እንደገና ሰቀልሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ሳደርግ ሰነበትሁ፤ ውሃው ግን አልመጣም።

በመጨረሻ ከሌላ ቦታ አንድ ባለሙያ ተጠራ። ሰውየው ስፔክትረም አናላይዘር የተባለውን መሣሪያ ከመኪናው አውርዶ ካዘጋጀ በኋላ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ቡናውን እየጠጣ ጠበቀ። መሸ፤ መብራት በራ፤ በመሣሪያው መስኮት ላይ ዝቅ ብሎ ተኝቶ የነበረው መስመርም በአንድ ጊዜ ከፍ አለ። ከማጠራቀሚያው አጠገብ በዚያው ሰሞን የተተከሉት የጥበቃ መብራቶች የኃይል ማቅረቢያቸው ጥራት የሌለው ስለ ነበረ፣ በበሩ ቁጥር የሬዲዮውን መስመር በሁካታ ይሸፍኑት ኖሯል። ምክንያቱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ታወቀ። መብራቶቹ ተለወጡ፤ ውሃውም መጣ።

ያ ባለሙያ ከእኔ የበለጠ ትምህርት አልነበረውም። የፉርየን ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አውጣ ብባል አወጣው ነበር። ልዩነታችን እርሱ የሚያየውን እኔ አለማየቴ ነበረ። መሣሪያው ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣ በመሆኑ፣ የእኔ ቢጤ ወጣት መሐንዲስ ሊገዛው ቀርቶ ሊነካው የሚያገኘውም በጭንቅ ነበር። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህ ሰበብ ከመካከላችን መወገዱን ነው።

እንግዲህ በሶፍትዌር የሚሠራ ሬዲዮ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አባቶቻችን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ያዳምጡት የነበረው ሬዲዮ፣ አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው፣ ሱፐርሄትሮዳይን በተባለው ዘዴ የሚሠራ ነው። ከአንቴናው የሚመጣው ሞገድ በመሣሪያው ውስጥ ከሚመነጭ ሌላ ሞገድ ጋር ይደባለቃል፤ በዚህም ድግግሞሹ፣ ማለት ፍሪኩዌንሲው፣ ወደ አንድ የተወሰነ ቦታ ይወርዳል፤ ከዚያም በጥቅልል ሽቦና በኮንደንሰር ይጣራል፤ ይጎላል፤ በመጨረሻም ድምፁ ከተሸከመው ሞገድ ይለያል። ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱ ዕቃ አለው። በኤ ኤም የሚሠራውን ሬዲዮ በኤፍ ኤም እንዲሠራ ለማድረግ ብየዳ መፍታትና ዕቃ መለወጥ ግድ ነው።

በአዲሱ ዘዴ ግን ሞገዱ ዝቅ ወዳለ ድግግሞሽ እንደ ወረደ ወዲያውኑ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ማጣራት፣ መምረጥና ድምፅን መለየት ሁሉ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡንም ኮምፒዩተር ይሠራዋል። በኤ ኤም ይሠራ የነበረው በኤፍ ኤም እንዲሠራ የሚያስፈልገው ጥቂት የፕሮግራም መስመሮችን መለወጥ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ፣ የቀድሞው ሬዲዮ በአንድ ጊዜ አንድ ጣቢያ ብቻ ሲያሰማ፣ ይኸኛው በርከት ያሉ ጣቢያዎችን የያዘ ሰፊ መስኮት በአንድ ጊዜ ይከፍታል። በኮምፒዩተሩ ፊት ላይም እያንዳንዱ ጣቢያ እንደ ኮረብታ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከሥሩም ያለፈው ጊዜ ታሪክ በቀለም እየተሣለ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ሥዕል ጀማሪዎች ፏፏቴ ይሉታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚደናቀፍበት አንድ ነገር አለ። መሣሪያው በእያንዳንዱ ናሙና የሚልከው አንድ ቁጥር ሳይሆን ሁለት ቁጥር ነው። ምክንያቱን በምሳሌ ላስረዳ። በጎማ ጠርዝ ላይ አንድ ሚስማር ተተክሎ፣ ጎማው ሲዞር የሚስማሩ ጥላ በግድግዳ ላይ ያርፋል እንበል። ጥላው ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ ይታያል እንጂ፣ ጎማው የሚዞረው ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ አይታወቅም። ሁለተኛ ጥላ በወለሉ ላይ እንዲያርፍ ካደረግን ግን፣ ሁለቱን ጥላዎች አስተባብሮ የሚያይ ሰው የጎማውን ፍጥነትም አቅጣጫም ያውቃል። ሁለቱ ቁጥሮች እነዚህ ሁለት ጥላዎች ናቸው። በእነርሱም አማካይነት ከመስኮቱ መካከል በላይ ያለው ጣቢያ ከመካከሉ በታች ካለው ተለይቶ ይታወቃል። ወደዚህ ጎማ በኋላ እመለሳለሁ።

የዚህ ሥራ ታሪክ አጭር ቢሆንም የሚያስተምር ነው። ሶፍትዌር ሬዲዮ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያስፋፋው አሜሪካዊው ጆሴፍ ሚቶላ ነው። በዚያን ጊዜ ነገሩ ለጦር ሠራዊትና ለታላላቅ የምርምር ተቋሞች የሚሆን እንጂ ለተራው ሰው የሚታሰብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 ጂ ኤን ዩ ሬዲዮ የተባለው፣ ማንም በነፃ የሚወስደው የፕሮግራም ስብስብ ተጀመረ። ለብዙኃኑ በሩ የተከፈተው ግን በታቀደ ሥራ አልነበረም። ሪያልቴክ የተባለው የታይዋን ኩባንያ፣ አር ቲ ኤል 2832 ዩ የሚል ስም ያለው ቺፕ ለአውሮፓ ዲጂታል ቴሌቪዥን መቀበያ እንዲሆን ሠርቶ ነበር። ይህ ቺፕ የኤፍ ኤም ሬዲዮ በሚቀበልበት ጊዜ ሒሳቡን ራሱ አይሠራም፤ ጥሬውን ቁጥር እንዳለ ወደ ኮምፒዩተሩ ያሳልፋል። ፊንላንዳዊው አንቲ ፓሎሳሪ ይህን ጠባዩን እ.ኤ.አ. በ2012 ለሌሎች ካሳወቀ በኋላ፣ ኦስሞኮም በተባለው ኅብረት ውስጥ ያሉ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አስፈላጊውን ፕሮግራም አዘጋጁለት። ስለዚህም 20 ዶላር ያህል የሚያወጣ የቴሌቪዥን መቀበያ፣ ሠሪው ባላሰበው መንገድ ሰፊ የሬዲዮ መቀበያ ሆነ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም አዲስ ዕቃ አልተፈለሰፈም፤ በእጅ ያለውን ዕቃ ከፍቶ ጠባዩን የመረመረ ሰው ተገኘ እንጂ።

አሁን ወደ አጀማመሩ ልምጣ። ምክሬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፤ ቅደም ተከተሉም በከንቱ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በመጀመሪያው ቀን ውድ መሣሪያ ገዝተው በሦስተኛው ወር ሣጥን ውስጥ የቆለፉበትን ሰዎች አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ደረጃ ምንም ሳይገዙ መጀመር ነው። በኔዘርላንድስ የሚገኘው የትዌንተ ዩኒቨርሲቲ፣ ማንኛውም ሰው በኢንተርኔት አማካይነት የሚያዳምጠው የአጭር ሞገድ መቀበያ አለው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገብተው፣ አንዱ የሌላውን ሳይነካ እያንዳንዱ የፈለገውን ጣቢያ ይመርጣል። አንቴናው ግን አንድ ነው። ሞገዱ አንድ ጊዜ ወደ ቁጥር ከተለወጠ በኋላ ለስንትም ሰው ሊከፋፈል መቻሉን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። ጀማሪው በዚህ ቦታ ጥቂት ምሽቶችን ቢያሳልፍ፣ የኤ ኤም፣ የሞርስና የአንድ ጎን ድምፅ ሥርጭት በፏፏቴው ላይ ምን መልክ እንዳላቸው ዐይኑን ያለማምዳል።

ሁለተኛው ደረጃ ሕግን ማወቅ ነው። ማዳመጥ ሌላ፣ ማሠራጨት ሌላ ነው። ማሠራጨት በአብዛኛው ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚለቀቅ ሞገድ የአውሮፕላንን ወይም የአምቡላንስን ግንኙነት ሊያውክ ይችላልና። በአገራችን የሬዲዮ ድግግሞሽን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ መቀበያ ብቻ የሆነውን መሣሪያ እንኳ ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት፣ ምን እንደሚያስፈልግ ባለሥልጣኑን ብትጠይቁ ከጉምሩክ ደጅ ከመጉላላት ትድናላችሁ። ደግሞም በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ መሠረት፣ ለሕዝብ ያልተላከን መልእክት ያለ ፈቃድ መጥለፍና ይዘቱን ለሌላ መግለጽ የተከለከለ ነው። የጎረቤትን ደብዳቤ ከፍቶ የማያነብ ጨዋ ሰው፣ በአየር ላይ ያገኘውንም የሰው ምሥጢር እንደዚያው ያልፈዋል።

ሦስተኛው ደረጃ መሣሪያውን መምረጥ ነው። ለጀማሪ ከላይ በጠቀስሁት ቺፕ የተሠራው፣ ዋጋው ከ30 እስከ 40 ዶላር የሆነው መቀበያ ይበቃዋል። የተለመደው ዓይነት ከ24 እስከ 1,766 ሜጋኸርትዝ ድረስ ይቀበላል፤ ከአዲሶቹ ውስጥ አጭር ሞገድንም የሚቀበሉ አሉ። በሴኮንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና ያለ ችግር ይሰጣል። እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ቁጥር፣ እያንዳንዱም ቁጥር 8 ቢት ስለ ሆነ፣ በሴኮንድ 4.8 ሜጋባይት ወደ ኮምፒዩተሩ ይገባል ማለት ነው። ጥሬውን መቅዳት ለሚፈልግ፣ የአንድ ሰዓት ቅጂ ከ17 ጊጋባይት በላይ ይይዝበታልና አስቀድሞ ቦታ ያዘጋጅ።

ስለ መሣሪያው ጉድለት መናገርም ተገቢ ነው። 8 ቢት ማለት በብርቱውና በደካማው ምልክት መካከል 50 ዲሲቤል ያህል ብቻ የሚችል ማለት ነው። ስለዚህ በአጠገቡ ብርቱ ጣቢያ ካለ ደካማው ይዋጣል። ጀማሪ ሁሉ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጋል፤ በዚህን ጊዜ መቀበያው ከአቅሙ በላይ ይሆንበትና፣ የሌሉ ጣቢያዎች በየቦታው ብቅ ይላሉ። ማጉያውን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጋችሁ፣ ሁካታው ከጣቢያው እኩል መነሣት ሲጀምር አቁሙ። ሌላው ጉድለት የክሪስታሉ ስሕተት ነው። ርካሹ ዓይነት በሚሊዮን 50 ያህል ሊስት ይችላል፤ ይህም በ1,090 ሜጋኸርትዝ ላይ ከ54 ኪሎኸርትዝ በላይ ይሆናል። ስሕተቱ በሚሊዮን 1 የሆነውን ዓይነት ጥቂት ዶላር ጨምሮ መግዛት ይሻላል። ለማዳመጫ የሚሆኑ ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ኤስ ዲ አር ፕላስ ፕላስ የተባለው፣ በነፃ የሚገኙ ናቸው።

አራተኛው ደረጃ አንቴናና ሁካታ ነው። ብዙ ሰው መሣሪያውን ሲያማ የሚውለው በዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። መቀበያዬ እንደ ደረሰ በአባቴ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጬ አጭር ሞገድ ማዳመጥ ጀመርሁ። የሰማሁት የሚያንጓጓና የሚያፏጭ ሁካታ ብቻ ነበር። በማግስቱ ከጣሪያው ጫፍ እስከ ግቢው ባሕር ዛፍ ድረስ 10 ሜትር ያህል ሽቦ ዘረጋሁ፤ ጥቂት ተሻለ እንጂ ሁካታው አልጠፋም። ዕቃው የተበላሸ ነው ብዬ ለሻጩ የክስ ደብዳቤ መጻፍ ጀምሬ ሳለሁ፣ የሰፈሩ መብራት ድንገት ጠፋ።

ኮምፒዩተሬ በራሱ ባትሪ መሥራቱን ቀጠለ። በፏፏቴው ላይ ግን ከላይ እስከ ታች ደምቆ የነበረው ቀለም በአንድ መስመር ላይ ተቆርጦ ጠቆረ፤ ከዚያም ከጥቁሩ ውስጥ ቀጫጭን ብሩህ መስመሮች አንድ በአንድ ታዩ። ሁሉም ጣቢያዎች ነበሩ። አንዱን ስመርጥ ከሩቅ አገር የሚመጣ፣ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ የሚል የዐረብኛ ዘፈን ተሰማ። በጨለማው ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት አባቴ፣ «ይህስ የድሮው የእኔ ሬዲዮ ድምፅ ነው፤ ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። ከየትም አላመጣሁትም ነበር፤ ሁልጊዜም እዚያው ነበረ። የሸፈኑት የእኛው የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀርና ቴሌቪዥን፣ የጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። መብራት ጠፍቶ ደስ ሲለኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያውም ያ የከተማው ውሃ ትዝ አለኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላገኘሁት ጠላቴ ይኸው ራሱ ነበርና።

ስለዚህ ለጀማሪ የምሰጠው ምክር ይህ ነው። መቀበያችሁ እንደ ደረሰ፣ በቤታችሁ ያለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ፏፏቴውን ተመልከቱ፤ የትኛው ዕቃ ምን መልክ ያለው ሁካታ እንደሚያወጣ በደብተር ጻፉ። አንቴናውን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አውጡት። ርዝመቱንም በቀላል ሒሳብ ታገኙታላችሁ፤ 75ን ድግግሞሹ በሜጋኸርትዝ ሲካፈልበት የሞገዱ ሩብ በሜትር ይወጣል። ለ100 ሜጋኸርትዝ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ለ1,090 ሜጋኸርትዝ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ይበቃል። ይህችን አጭር ሽቦ በብስኩት ጣሳ ክዳን መካከል፣ ክዳኑን ሳትነካ ብታቆሟትና የኬብሉን መሐል ሽቦ ከእርሷ፣ ዙሪያውን ከክዳኑ ጋር ብታገናኙ፣ የሚያገለግል አንቴና ይሆናል።

አምስተኛው ደረጃ መልመጃ ነው። የመጀመሪያው መልመጃ በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ቀላል ነው። የመስኮቱን መካከል 97.6 ሜጋኸርትዝ ላይ ብታደርጉት፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በአንድ ወገን፣ ፋና 98.1 በሌላው ወገን ሆነው ሁለት ኮረብታዎች በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ሸገር 102.1 ግን ከመስኮቱ ውጭ ነው፤ መስኮቱ 2.4 ሜጋኸርትዝ ብቻ ይሰፋልና። አንዱን እያዳመጣችሁ ሌላው እንዴት እንደሚወፍርና እንደሚቀጥን ተመልከቱ። ተናጋሪው ዝም ሲል ይቀጥናል፤ ሙዚቃው ሲበረታ ይሰፋል። የኤፍ ኤምን ትርጉም በመጽሐፍ ለዓመታት አንብቤው ነበር፤ የገባኝ ግን ይህን ያየሁ ቀን ነው።

ሁለተኛው መልመጃ አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታ፣ ከፍታቸውንና ፍጥነታቸውን በ1,090 ሜጋኸርትዝ ለሁሉ ያሰማሉ። አንዱ መልእክት 112 ቢት ሲሆን፣ ከመቅድሙ ጋር በ120 ማይክሮሴኮንድ ያልቃል። ደምፕ 1090 የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ተርጉሞ በካርታ ላይ ያሳያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ስለሆነች፣ በ11,000 ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ከእኛ በላይ 8,700 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው፤ በዚህ ስሌት እይታው ካልተከለለ እስከ 380 ኪሎ ሜትር ርቀት ሊሰማ ይችላል። ወደ ቦሌ የሚወርዱትን አውሮፕላኖች ስትከታተሉ፣ በእንጦጦ ወገን ያሉት ቶሎ ሲሰወሩ ታያላችሁ። ተራራው የጣለውን ጥላ በካርታ ላይ መሣል ለተማሪ የሚሆን መልካም ሥራ ነው።

ሦስተኛው መልመጃ የአየር ጠባይ ሳተላይት ነው። ለብዙ ዓመታት ጀማሪዎች ሥዕል ይቀበሉባቸው የነበሩት ኖኣ 15፣ 18 እና 19 የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. በ2025 አገልግሎታቸው አብቅቷል፤ ስለዚህ የቆዩ መመሪያዎችን የሚያነብ ሰው በከንቱ እንዳይጠብቃቸው። ሜቴኦር የተባሉት የሩስያ ሳተላይቶች ግን በ137 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ሥዕል የሚልኩ ናቸው። ሁለት፣ እያንዳንዳቸው 53 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆኑ ዘንጎች በ120 ዲግሪ ተከፍተው በአግድም ቢቀመጡ አንቴናቸው ይሆናሉ። ሳተላይቱ ሲቀርብና ሲርቅ ድግግሞሹ ወደ 3 ኪሎኸርትዝ ያህል ከፍና ዝቅ ማለቱ በፏፏቴው ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ዶፕለር የተባለው ሰው የተናገረውን በቤታችሁ ግቢ ቆማችሁ ታያላችሁ ማለት ነው።

የመጨረሻው ደረጃ፣ ለእኛ ለመሐንዲሶች ዋናው፣ የራስን ፕሮግራም መጻፍ ነው። ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ብቻ የሚጠቀም ሰው፣ የታሸገ ሣጥን ትቶ ሌላ የታሸገ ሣጥን የያዘ ነው። የአንድ ደቂቃ የኤፍ ኤም ቅጂ ውሰዱ፤ የምትፈልጉትን ጣቢያ በሒሳብ ወደ መካከል አምጡት፤ አጣሩና ናሙናውን በ10 አካፍሉት፤ 240,000 ይቀራል። አሁን ወደ ጎማው እንመለስ። እያንዳንዱ ናሙና ሚስማሩ በጎማው ላይ ያለበትን ማዕዘን ይነግራችኋል። የአንዱን ናሙና ማዕዘን ከቀጣዩ ማዕዘን ላይ ስትቀንሱ የጎማውን ፍጥነት ታገኛላችሁ፤ ይህ ከፍና ዝቅ የሚል ፍጥነት ራሱ ድምፁ ነው። እንደገና አጣርታችሁ ናሙናውን በ5 ብታካፍሉት 48,000 ይሆናል፤ ይህንንም የኮምፒዩተሩ ድምፅ ማጉያ ያሰማዋል። ፕሮግራሙ ከሃያ መስመር አይበልጥም። ራሳችሁ ከጻፋችሁት ሒሳብ ውስጥ የጋዜጠኛው ድምፅ ሲወጣ መስማት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፤ ሞክሩት።

ይህን መንገድ የጨረሰ ሰው ከፊቱ ብዙ ሜዳ አለው። ወደ ማሠራጨት ማለፍ የሚሻ በሕጉ መሠረት ፈቃድ አውጥቶ ወደ አማተር ሬዲዮ መግባት ይችላል፤ በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው፣ የጥሪ ምልክቱ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የሆነው የአማተር ጣቢያ ብዙ ተማሪዎችን ከዚህ ሥራ ጋር ያስተዋወቀ ነው። ወደ ሰማይ ማየት የሚወድ ደግሞ፣ ኢወንና ፐርሰል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1951 በሃርቫርድ ያገኙትን፣ በ1,420.4 ሜጋኸርትዝ ላይ የሚሰማውን የሃይድሮጅን ሞገድ በዚሁ መቀበያ፣ መጠነኛ የሳሕን አንቴናና ማጉያ ጨምሮ ሊቀበለው ይችላል።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ወደ ጀመርሁበት ልመለስ። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ ተመሳሳይ ችግር ደረሰና ሰዎች ጠሩኝ። ይዤ የሄድሁት ኮምፒዩተሬን፣ መቀበያዬንና አንድ ዘንግ ነበር። ሁካታውን በፏፏቴው ላይ አየሁት፤ መልኩንም ከቤቴ ደብተር አውቀው ነበር። ዘንጉን በእጄ ይዤ ሁካታው ወደሚበረታበት ወገን በእግሬ ስሄድ፣ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ የባትሪ ቻርጀር አጠገብ ደረስሁ። ባለሱቁ ሲነቅለው ፏፏቴው ጸጥ አለ። መቀበያዬ ልኩ የተረጋገጠ መለኪያ አይደለም፤ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ወይም ለሥራ ርክክብ የሚሆን ቁጥር አይሰጥም፤ በዚህ ረገድ ውዱን መሣሪያ የሚተካው አይመስለኝም። ነገር ግን ማየት ለሚያስፈልገው ሰው ዐይን ሆኖታል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማኅበሩ አስፈላጊውን ፈቃድ አጠናቆ ዐሥር ያህል መቀበያዎች ቢገዛና፣ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት እንደሚዋሱት ሁሉ ወጣት አባሎችና የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለአንድ ወር እየተዋሱ ቢጠቀሙባቸው መልካም ነው። ኪራዩ ገንዘብ አይሁን፤ እያንዳንዱ ተዋሽ በሰፈሩ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ያገኘውን የሁካታ ዓይነት ከነሥዕሉ በአንድ ገጽ ጽፎ ይመልስ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገጾቹ ተጠራቅመው፣ ወደ ሩቅ ከተማ የሚላክ ወጣት መሐንዲስ የሚያገላብጠው መዝገብ ይሆናሉ። እኔ ያባከንሁት ሦስት ሳምንት ለእርሱ አንድ ከሰዓት በኋላ ይሆንለታል፤ እነዚያ እናቶችም ጀሪካናቸውን ቶሎ ሞልተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።